ዓባይን በባሕር ዳር መሻገር

ዓባይ ከጣና እንደወጣ ባሕር ዳርን ለሁለት ይከፍላታል። ድልድይ ሳይኖር ሰውም ዕቃም የሚሻገረው ከደንገል በታሰረ ታንኳ ነበር።

በዓባይ ላይ የመጀመሪያው የድንጋይ ድልድይ የተሠራው ግን እዚህ ሳይሆን፣ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወረድ ብሎ ጢስ ዓባይ አጠገብ ነው። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን የተገነባው ይህ ድልድይ ዛሬም መንገደኛና ከብት ያሻግራል። ቦታውን የመረጡት ሰዎች ወንዙን በደንብ አጥንተውታል። ውሃው እዚያ ጠባብ የአለት ገደል ውስጥ ስለሚገባ፣ ቅስቱ ግራና ቀኝ እግሩን የሚተክልበት ጽኑ መሬት አግኝቷል። ድንጋዩን ኖራ ቢያያይዘውም የሚያቆመው የራሱ ክብደት ነው፤ አንዱ ጥርብ ሌላውን ይገፋል፣ ግፊቱም ቅስቱን ተከትሎ ወርዶ አለቱ ላይ ያርፋል።

ባሕር ዳር ላይ ወንዙ ሰፊ ነው፤ የሚደገፉት ገደልም የለም። የከተማዋ አሮጌ ድልድይ ከ60 ዓመት በላይ የጎንደርን መንገድ ተሸክሟል። ከባድ መኪናውም፣ ባጃጁም፣ እግረኛውም በዚያች ጠባብ መንገድ ይጋፋ ነበር።

በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ድልድይ 380 ሜትር ይረዝማል፤ ወርዱ 43 ሜትር ነው። ከሩቅ ሲታይ በገመድ የተንጠለጠለ ይመስላል፤ ነገር ግን ማማዎቹ አጫጭር፣ ገመዶቹም ዘንበል ያሉ መሆናቸውን ልብ ይሏል። መሐንዲሶች ኤክስትራዶዝድ የሚሉት ዓይነት ነው። ኮንክሪት ሲጫኑት ይችላል፣ ሲስቡት ግን ይሰነጠቃል። ስለዚህ ዝቅ ብለው የተወጠሩት የብረት ገመዶች ወለሉን ወደ ላይ ከመያዝ ባሻገር ከጫፍና ከጫፍ ይጨምቁታል። ጡብ ደርድሮ ግራና ቀኝ በመዳፍ ጨምቆ እንደ ማንሳት ነው፤ ጭመቃው እስካልላላ ድረስ መሀሉ አይወድቅም። ወለሉም ሲሠራ ከየምሰሶው በሁለት በኩል እኩል እየረዘመ ሄዶ ነው መሀል ላይ የተጋጠመው፤ አንዱ ክንፍ የሌላውን ሚዛን ይጠብቅለታል።

እኔ ከሁሉ አብልጬ የምወደው ስፋቱ ለማን እንደተሰጠ ነው። ባሕር ዳር የብስክሌት ከተማ ናት። በአዲሱ ድልድይ በሁለቱም ጎን ለብስክሌትና ለእግረኛ የራሳቸው መንገድ ተከልሎላቸዋል፤ ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ ከአይሱዙ ጋር ሳይጋፋ ዓባይን ይሻገራል።