‹‹ፍቅር እስከ መቃብር››፦ በጆሮ የገባው ፍቅር በዓይን ሲታይ

በዋግ ኽምራ ደጋማ ቀበሌዎች ሲኒማ ቤት ኖሮ አያውቅም። ያም ሆኖ ሰብለ ወንጌልና በዛብህ የሚሉ ስሞች ለአካባቢው ሰው እንግዳ አይደሉም። ፊደል ያልቆጠረ አዛውንት ሳይቀር የሁለቱን ፍቅር ያውቃል፤ ያወቀው ግን አንብቦ ወይም በፊልም አይቶ ሳይሆን ሰምቶ ነው።

የሐዲስ ዓለማየሁ ልቦለድ ‹‹ፍቅር እስከ መቃብር›› በ1958 ዓ.ም. ታተመ። ተዋናይ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ተረከው። ድምፃዊ ቴዎድሮስ ካሣሁን በ2009 ዓ.ም. ‹‹ኢትዮጵያ›› በተሰኘው አልበሙ ‹‹ማር እስከ ጧፍ›› የሚል ዘፈን ሠራለት። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በሰውመሆን ይስማው አዘጋጅነት ተከታታይ ድራማ ሆኖ በኤንቢሲ ኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ቀረበ። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ከመጽሐፍ ወደ ድምፅ፣ ከድምፅ ወደ ዜማ፣ ከዜማ ወደ ምስል የተሸጋገረ የፍቅር ታሪክ በአገራችን ብዙ የለም።

ታሪኩ ሲጠቀለል አጭር ነው። በዛብህ ማንኩሳ የተወለደ፣ ወላጆቹ ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት በስለት የሰጡት፣ በቅኔ ትምህርት የበሰለ ወጣት ነው። በዲማ የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሰብለ ወንጌልን እንዲያስተምር ይቀጠራል። መምህርና ተማሪ ይዋደዳሉ። አባት በዘራቸው የሚኮሩ ባላባት ናቸውና ድሃ መምህር ልጃቸውን ያገባል ብለው በሕልማቸውም አያስቡም። ምስጢሩ ሲወጣ በዛብህ ወደ አዲስ አበባ ይሸሻል። ሰብለ ለሌላ ሰው ልትዳር ስትል የመነኩሴ ልብስ ለብሳ ከቤት ትጠፋለች። ስታገኘው በዛብህ በመንገድ ላይ ሽፍቶች ደብድበውት በሞት አፋፍ ላይ ነው። እርሱ ሲሞት እርሷ መንኩሳ ከመቃብሩ አትርቅም።

በሌላው ዓለም የወጣቶች ፍቅር ሲነሣ በቅድሚያ የሚጠቀሱት ሮሜዎና ዡልየት ናቸው። ከበደ ሚካኤል ይህንን የሼክስፒር ተውኔት ወደ አማርኛ መልሰውታል። ጣሊያናዊው ፍራንኮ ዜፊሬሊ በ1960 ዓ.ም. ለዕይታ ባበቃው ፊልም ደግሞ ሁለቱን ፍቅረኞች የተጫወቱት በዕድሜያቸው ገና ያልጎለመሱ ልጆች ስለነበሩ ፊልሙ ለብዙ ዘመን የወጣቶች መነጋገሪያ ሆኗል። ሁለቱ ታሪኮች በሞት ይመሳሰላሉ። ልዩነታቸው ግን ለኢትዮጵያ አርሶ አደር የሚቀርበው ላይ ነው። ሮሜዎና ዡልየትን የለያያቸው የሁለት እኩል ቤተሰቦች ጠብ ነው። በዛብህንና ሰብለን የለያያቸው ግን ጠብ አይደለም፤ ‹‹ማን የማን ልጅ ነው?›› የሚለው ጥያቄ ነው። ማንም ማንንም ሳይጠላ፣ ሁሉም ወግ ጠባቂ ነኝ እያለ፣ ሁለት ሰዎች ይጠፋሉ።

ልቦለዱ የፍቅር ብቻ ቢሆን ኖሮ በገጠር ይህን ያህል ባልሰነበተ። ፊታውራሪ መሸሻ ባላገሩ ሊከፍል የማይገባውን ሲጠይቁት ገበሬው በአበጀ በለው መሪነት ያምፅባቸዋል፤ እስከ መያዝም ይደርሳሉ። መጽሐፉ በወጣ በ9 ዓመቱ፣ በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ታወጀ። ዋግም የራሱ ሹማምንት፣ የራሱ ግብርና የራሱ የቤተ ክህነት ትምህርት ቤቶች የነበሩት አገር ነው። በዋግሹሞች ዘመን የኖሩ አያቶች ያሉት ቤተሰብ ስለ ፊታውራሪ መሸሻ ሲሰማ ታሪኩ የጎጃም ቢሆንም ሰውየውን ያውቀዋል። የቅኔ ተማሪውንም እንደዚሁ፤ አኩፋዳውን አንግቦ በየደጁ ‹‹በእንተ ስማ ለማርያም›› የሚል ተማሪ በዋግ ደጋም የታወቀ ነው።

የወጋየሁ ንጋቱ ድርሻ እዚህ ላይ ነው። መጽሐፉ ወፍራም ነው፤ ዋጋም፣ ንባብም፣ ጊዜም ይጠይቃል። ሬዲዮ ግን አንድ ቢሆን ለጎረቤት ሁሉ ይበቃል። ወጋየሁ ብቻውን ሆኖ የፊታውራሪውን ትዕቢት፣ የጉዱ ካሳን ምፀት፣ የሰብለን ኃዘን በየድምፃቸው ለያይቶ አሰማ። በአማርኛ አፋቸውን ላልፈቱ፣ በቤታቸው ኽምጣና ለሚናገሩ አድማጮች ይህ ትልቅ እገዛ ነበር ማለት ይቻላል፤ አንዱ ቃል ቢያመልጥ የድምፁ ቃና ይናገራልና። ወጋየሁ በ1982 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ቢለይም የትረካው ቅጂ ከካሴት ወደ ተንቀሳቃሽ ስልክ ተሻግሮ ዛሬም ይደመጣል። ወደ ቴሌቪዥን የመጣው ድራማ የገጠመው ፈተናም ከዚሁ የሚነሣ ነው። አድማጭ ሁሉ በልቡ የራሱን ሰብለ ሥሎ ኖሯል። የዓይን ሥራ የልብን ሥዕል መተካት ይከብደዋል፤ አዘጋጁ የቱንም ያህል ቢጥር አንዳንዱ ተመልካች ‹‹የእኔዋ ሰብለ ይህች አይደለችም›› ማለቱ አይቀርም።

ታሪኩ ለዕለታዊ ንግግርም ስንቅ ሆኗል። የማይደፈረውን እውነት በአደባባይ የሚናገር፣ ስለዚህም እንደ እብድ የሚቆጠር ሰው ‹‹ጉዱ ካሳ›› ይባላል። የዘፈኑ ርእስም ቢሆን ለዋግ ንብ አናቢ ማብራሪያ አያሻውም፤ ማሩም የጧፉ ሰምም የሚወጡት ከአንድ እንጀራ ነው።

ለዛሬው የዋግ ወላጅ ታሪኩ የሚያነሣው ጥያቄ ግን ሌላ መልክ አለው። ሰብለ ወንጌል ችግሯ ያለ ዕድሜ መዳር አልነበረም፤ አባቷ እኩያ ዘር ሲጠብቁ የትዳር ጊዜዋ ማለፉ ነው። በደጋው ገጠር የሚታየው ግን የተገላቢጦሽ ሲሆን ልጆች ሳይደርሱ ይዳራሉ። የሁለቱም ሥር አንድ ነው፤ ልጅቱን ማንም አይጠይቃትም። መጽሐፉ በታተመበት ጊዜ በሥራ ላይ የነበረው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት የጋብቻ ዕድሜን 15 ዓመት አድርጎ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግና በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ ለሁለቱም ጾታ ወደ 18 ከፍ አድርገውታል፤ የተጋቢዎቹንም ነጻ ፈቃድ ይጠይቃሉ። በ1997 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ መሠረት ልጅቱ 13 ዓመት የሞላት ከሆነ አግቢው እስከ 3 ዓመት፣ ከ13 በታች ከሆነች እስከ 7 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል።

ልጃገረድ ድምፅ የምታገኝበት ባህል ግን ለዋግ እንግዳ አይደለም። በነሐሴ አጋማሽ የፍልሰታ ጾም ሲፈታ የሻደይ ጨዋታ ይጀመራል። ልጃገረዶች ሻደይ የተባለውን ለምለም ሣር በወገባቸው አስረው፣ ከበሮ እየመቱ ከቤት ወደ ቤት ይዘዋወራሉ። በዜማቸው የወደዱትን ያወድሳሉ፤ ያልወደዱትን ይሸነቁጣሉ። ወጣቱም ለትዳር የሚያስባትን የሚያይበት ጊዜ ነው። የፊታውራሪ መሸሻ ቤት በር እንዲህ ላለው ጨዋታ ተከፍቶ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ ምን ይመስል ነበር ብሎ መጠየቅ የአድማጭ መብት ነው።

ዛሬ ትረካው በስልክ ስለሚገኝ እረኛም ሜዳ ላይ፣ እናትም እንዝርት እያሾረች ያዳምጡታል። ታዳጊ ልጅ ያለችው አባት ከልጁ ጋር ሆኖ ሲሰማ ደግሞ ሰብለ የመነኩሴ ልብስ ለብሳ በሌሊት ከምትወጣበት ምዕራፍ ላይ ሲደርስ ዝም ማለቱ አይቀርም፤ ‹‹ጥፋቱ የማን ነበር?›› የሚለውን ጥያቄ ልጅቱ ልታነሣው ትችላለችና።