ምድር ባቡር ተራራን እንዴት ይወጣል

ከገረሴ ደጋ ተነሥቶ ወደ አርባ ምንጭ ቆላ የሚወርድ መንገደኛ ጉልበቱ ሲዝል፣ ምድር ባቡር እዚህ ድረስ በመጣ ብሎ መመኘቱ አይቀርም። ምኞቱ የሚነቀፍ አይደለም፤ ነገር ግን የባቡር ነገር እንደ በቅሎ ነገር አይደለም። የብረት መንኰራኵር በብረት ሐዲድ ላይ ብርቱ ዐቀበት ሲያገኝ ይንሸራተታልና፣ መሐንዲሱ ተራራውን ወይ ይዞረዋል ወይ ይበሳዋል።

ሁለቱንም አጣምሮ የያዘው በስዊስ አገር ያለው የጎታርድ መሥመር ነው። ቫሰን በምትባለው መንደር አጠገብ ሐዲዱ በተራራው ሆድ ውስጥ እየተጠመዘዘ ስለሚወጣ፣ ተሳፋሪው የመንደሪቱን ቤተ ክርስቲያን ሦስት ጊዜ በሦስት ልዩ ልዩ ከፍታ ያያታል። ነገሩን የማያውቅ ካህን ደብሩ ከስፍራው ተነሥቶ ይከተለኛል ቢል አይፈረድበትም። ከዚያ በላይ ያለው 15 ኪሎ ሜትር ዋሻ በ1865 ዓ.ም. ከሁለት ወገን መቈፈር ተጀምሮ፣ ቈፋሪዎቹ በየካቲት 1872 ዓ.ም. ሲገናኙ ወደ ጎን የሳቱት 33 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ። ዋጋው ግን ከባድ ነበረ። ወደ 200 የሚሆኑ ሠራተኞች አለቁ፤ ሥራውን የተዋዋለው ሉዊ ፋቭርም ሐምሌ 1871 ዓ.ም. በዚያው ዋሻ ውስጥ ሞተ።

በዚሁ በ1871 ዓ.ም. አልፍሬድ ኢልግ የተባለው ወጣት የስዊስ መሐንዲስ ወደ ንጉሥ ምኒልክ መጣ። በ1886 ዓ.ም. የምድር ባቡሩን ፈቃድ የተቀበለ እርሱ ነው። ከጅቡቲ ባሕር ዳር እስከ አዲስ አበባ ያለው 784 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ወርዱ 1 ሜትር ብቻ ሆኖ ተሠራ፤ ጠባብ ሐዲድ በጠባብ ስፍራ ለመታጠፍ ይመቻልና። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ኢልግ አስቀድሞ በ1908 ዓ.ም. በአገሩ ስለ ሞተ፣ እንደ ፋቭር የሥራውን ፍጻሜ አላየም።

በዚህ ሥራ መካከል ለባለሥልጣኖች ሊዘነጋ የማይገባው የሐረር ነገር ነው። የጥንቲቱ የንግድ ከተማ በደጋ ስለ ሆነች፣ ሐዲዱን ወደ እርስዋ ማውጣት ወጪው በዛ ተብሎ ከደጋው ሥር በቆላው አለፈ። በ1895 ዓ.ም. ባቡር የደረሰባት ድሬዳዋም በዚያ ተቈረቈረች፤ ንግዱም ከሐረር ወደ እርስዋ ወረደ።

ከሞጆ ወደ ደቡብ እንዲዘረጋ የታቀደው መሥመርም የሚነካው አርባ ምንጭን ነው እንጂ የጋሞን ደጋ አይወጣም። እንግዲህ የገረሴ ገብስና እንሰት ሐዲዱን የሚያገኘው በመኪና መንገድ ወርዶ ነው፤ የዚያ መንገድ ወጪ ከሐዲዱ ወጪ ጋራ በአንድነት ቢታሰብ ይገባል።