ፈተናን ስለ መድገም

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄደው መንገድ ጣርማ በርን ካለፈ በኋላ በደብረ ሲና ቁልቁለት ወደ ይፋት ቆላ ይወርድና ሸዋ ሮቢት ይደርሳል። አገሩ ማሽላና ማሾ የሚያበቅል፥ ወንዝም ያለው መልካም አገር ነው፤ ነገር ግን ክረምቱ ሲወጣ ወባው ይነሣል። ስለዚህ በዚህ አገር ነርስ የሚፈለገው ለጌጥ አይደለም። የጎንደር የጤና ኮሌጅ እንኳ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው በደምቢያ የተነሣው ወባ ብዙ ሕዝብ ከጨረሰ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ነበር፤ ከመጀመሪያዎቹ ሠልጣኞቹም መካከል ነርሶች ይገኙባቸዋል።

በዩኒቨርሲቲ ነርስነት ለመማር የምትመኝ የቀወት ወረዳ ልጅ አስቀድማ የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ማለፍ አለባት። ውጤቷ ከመቶ 50 ቢደርስ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ትመደባለች፤ ወጪዋንም መንግሥት አስቀድሞ ይችልላትና ድርሻዋን ሥራ ከያዘች በኋላ ትከፍላለች። በግል ኮሌጅ ከፍሎ ማስተማር ግን ለገበሬ ቤት የማይቻል ሸክም ነው።

ፈተናው ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ እንዲሰጥ ከተደረገ ወዲህ ለኩረጃ የነበረው በር ጠበበ፤ የትምህርታችንም እውነተኛ መጠን ታየ። በዚያ ዓመት ያለፉት ከመቶ 3.3፥ በ2015 ከመቶ 3.2፥ በ2016 ከመቶ 5.4፥ በ2017 ከመቶ 8.4 ብቻ ናቸው። የ2014ቱ የሸዋ ሮቢት ተማሪዎች ደግሞ በኅዳር ወር ጦርነቱ ከተማቸው ድረስ የመጣባቸው ልጆች ነበሩ። እንዲህ ያለው ልጅ ቢወድቅ ሰነፍ ነው ሊባል አይገባውም።

ደንቡ እንደ ሆነ መንገዱን አልዘጋም። በግል ተመዝግቦ እንደገና መፈተን ይቻላል፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮም ነጥባቸው የተቃረበው በዩኒቨርሲቲ ጥቂት ወራት የማካካሻ ትምህርት ተምረው ዳግመኛ እንዲፈተኑ ተደርጓል። መንገዱን የሚዘጋው የሰው አፍ ነው። በአገራችን «ዳዊት ደገመ» ሲባል ምስጋና ነው፤ «ፈተና ደገመ» ሲባል ግን ስድብ ሆኗል። ከአንድ መምህር ዘንድ ቅኔ የተማረ ደቀ መዝሙር ወደ ሌላው መምህር ሄዶ እንደገና ቢቀጽል ሊቃውንቱ ያከብሩታል እንጂ አይንቁትም። ይህን ከካህናት ይልቅ የሚያውቅ የለም፤ ለልጆቹ ግን ሲነገር አልሰማንም።

ወንዱ ቢወድቅ ሞፈር ይጨብጣል፤ ሴቲቱ ስትወድቅ ግን ሽማግሌ ይላካል። ከተዳረች በኋላ መጽሐፉን የምትገልጠው መቼ ነው? ስለዚህ የንስሐ አባቷ፥ ወይም በእስላሙ ወገን ሼኹ፥ አባቷን አንድ ዓመት ታገሥ ቢሉት ከሁሉ ይልቅ ይሰማቸዋል። የወረዳውም ሹማምንት የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት በግል ለሚፈተኑት ከሰዓት በኋላ እንዲከፈት ቢያዝዙ ወጪው የጠባቂ አበል ብቻ ነው። ምዝገባው ሳያልፍ በፊት በየቀበሌው ማስነገርም ያስፈልጋል፤ ከከተማ ርቃ ለምትኖር ልጅ ወሬው የሚደርሳት ቀኑ ካለፈ በኋላ ነውና።