ዲኤክስ፦ ከሞተሯ በፊት ላሜራዋን

«ብር ቢኖረኝ ምን መኪና እገዛለሁ?» የሚለው ጨዋታ በሆሳዕና፣ በሾኔና በዱራሜ ወጣቶች መካከል ሲነሳ ወሬው ቶሎ ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው ወገን መኪናው ሠርቶ እንዲያበላው ይፈልጋልና አይሱዙ ወይም ሚኒባስ ይላል። ሁለተኛው ግን መንዳቱ ራሱ ነው የሚያምረው። ቢኤምደብሊውና መርሴዲስ በስልክ ላይ ታይተው ያልፋሉ። አቅም ወደሚፈቅደው ሲወረድ ብዙ ጊዜ ስሟ የሚጠራው ከተመኚዋ በዕድሜ የምትበልጥ፣ ቅርጿ ማዕዘን የበዛበት ባለአራት በር ናት፤ ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ።

ዲኤክስ የኮሮላ አራተኛ ትውልድ ናት። ቶዮታ ይህን ትውልድ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1979 ሲሆን፣ መኪና ወዳዶች ኬኢ 70 በሚለው የቻንሲ መለያዋም ያውቋታል። ኮፋኖዋ ሲከፈት የሚታየው 4ኬ የተባለው ባለ1,290 ሲሲ ሞተር ነው። በካርቡራተር የሚሠራ፣ ዙሪያው ክፍት ስለሆነ ለመካኒክ እጅ የሚመች፣ አዲስ ሳለ 60 የፈረስ ጉልበት ገደማ የሚያወጣ ሞተር። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው ይህችን መኪና ከስፖርት ጋር ማያያዝ ቀልድ ሊመስለው ይችላል።

ቁም ነገሩ ያለው ከሞተሩ ኋላ ነው። ጉልበቱ በካምቢዮ አልፎ፣ በትራስሚሲዮን ወደ ዲፍረንሻል ሄዶ የኋላ ጎማዎችን ያሽከረክራል። የፊቶቹ ከመሪና ከፍሬን ሌላ ሥራ የለባቸውም። ነዳጅ ሲሰጥ የመኪናዋ ክብደት ወደ ኋላ ይጫናል፤ ያን ጊዜ የሚገፉት ጎማዎች መንገዱን ይበልጥ ይቆነጥጣሉ። ከእሷ በፊት የነበረው ኮሮላ ከኋላ በባሌስትራ ነበር የተሠራው። ዲኤክስ ግን ከኋላም ሞላ አገኘች። ክብደቷም አንድ ቶን አይሞላም። ቀላል አካል፣ ከኋላ የሚመጣ ግፊትና በሞላ የተያዘ አክሰል አንድ ላይ ሲገኙ፣ ጉልበቱ ቢያንስም ለመንዳት የምትጣፍጥ መኪና ትወጣለች።

እ.ኤ.አ. በ1983 ቀጣዩ ትውልድ ሲመጣ የቤተሰቡ ኮሮላ በፊት ጎማ መጎተት ጀመረ። ቶዮታ የድሮውን የኋላ ግፊት ያስቀረው ኤኢ 86 ለምትባለው ስፖርተኛ ኮሮላ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1995 መታተም የጀመረው «ኢኒሻል ዲ» የተባለው የጃፓን ኮሚክ ኤኢ 86ን የተራራ መንገድ ጀግና አድርጎ ስላቀረባት ዝናዋ ዓለምን አዳረሰ፤ ዋጋዋም አብሮ ሰማይ ወጣ። ዲኤክስ የዚያች መኪና ታላቅ እህት ናት። የኢንዶኔዥያና የማሌዥያ ወጣቶች ይህን ዝምድና ስለሚያውቁ ኬኢ 70ን ፈልገው ለድሪፍት ያዘጋጇታል።

ሆሳዕና ላይ ከእሷ የሚጠበቀውን ግን አስቀድሞ ማወቅ ይበጃል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል 2,200 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ተርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። 60 የነበረው 50 አይሞላም ማለት ነው፤ የ40 ዓመቱ ድካም ሳይቆጠር። ካርቡራተሩ ለቆላ የተስተካከለ ከሆነ ደግሞ ቤንዚን ያበዛና ካንዴላው ይጠቁራል፤ ጭሱም ጥቁር ይሆናል። ስለዚህ በዶዮገና በኩል ወደ አረካ በሚወስደው መንገድ ዳገቱ ላይ ቪትዝ ብትቀድማት አይገርምም። የእሷ ደስታ ሌላ ነው። በ50 እና በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እንኳ የመንገዱ ሁኔታ በመሪው በኩል እጅ ላይ ይሰማል። ማርሽ ቀንሶ ጠመዝማዛውን በልክ መግባትም ሙሉ በሙሉ የሹፌሩ ሥራ ነው።

ገንዘቡስ ከየት ይመጣል? በሀዲያና በከምባታ ብዙ ቤት መልሱ ደቡብ አፍሪካ ነው። ፎቁም፣ አይሱዙውም፣ የቤት መኪናውም እዚያ ሱቅ ከሚሠራ ወንድም ወይም አጎት ላብ የሚወጣበት ጊዜ ብዙ ነው። በዚያ አገር ኮሮላ ሞልቷል፤ መሪው በቀኝ ስለሆነ ግን ወደ እኛ መንገድ አይመጣም። የሚመጣው ብሩ ብቻ ነው። እዚህ ደግሞ ገበያው ጠቧል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባረጁ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። ስለዚህ ዲኤክሶቹ ያሉት ብቻ ናቸው፤ ሌላ አይጨመርም። 40 ዓመት ያለፋት መኪና በመቶ ሺህዎች ብር የምትጠራበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ገንዘቡን የሚልከው ወንድም መኪናዋ ሠርታ የምታስገባ መስሎት እንዳይቆይም እውነቱን ቀድሞ መንገር ከኋላ ቅያሜ ያድናል።

ብሩን የያዘ ገዢ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ ሞተር ያስነሳል፣ ድምፅ ያዳምጣል፣ ቸርኬ ያያል። ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ ይሻላል። የደከመ ሞተር ፋሻ ይቀየርለታል፤ ካልሆነም ይተካል። ካምቢዮም ዲፍረንሻልም መርካቶ ሶማሌ ተራ ተፈልጎ ይገኛል። የበሰበሰ አካል ግን ባቲላሜራው በጠጋገነው ቁጥር በጎን ሌላ ቀዳዳ ይወጣዋል። ዝገት ውስጥ ለውስጥ ስለሚሄድ ከላይ ያለው ቀለም ማስረጃ አይሆንም። እንዲያውም ለሽያጭ ተብላ ሰሞኑን የተቀባች ዲኤክስ ልትጠረጠር ይገባል።

ምርመራው መሣሪያ አያበዛም። ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ተጠቅልሎ በበሮቹ ግርጌና በኋላ ጎማዎቹ ዙሪያ ይሂድ፤ የማይዝበት ቦታ ሥሩ ስቱኮ ነው። ምንጣፉ ተነስቶ ወለሉ በጣት ይጫን። ከኋላ የትርፍ ጎማው ማስቀመጫ፣ ከፊት ደግሞ የአሞርዛተሩ ራስ የታሰረበት ላሜራ ይታይ፤ እዚህ የተሰነጠቀች ወይም የተበየደች ከሆነች መተው ነው። ከዚያ ሞተሩ ይነሳ። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እያቃጠለች መሆኑን ይናገራል። ከአንደኛ ወደ ኋላ ማርሽ ሲገባ ከሥር «ጓ» የሚል ድምፅ ከተሰማ የትራስሚሲዮኑ መስቀል ወይም ዲፍረንሻሉ ላልቷል። በመጨረሻም የሞተሩና የቻንሲው ቁጥር ከሊብሬው ጋር ይመሳከር። ሞተራቸው የተቀየረ ብዙ ስለሆኑ ይህን የዘለለ ገዢ ቦሎ በሚያሳድስበት ወይም ስም በሚያዛውርበት ቀን ችግር ላይ ይወድቃል።

ጉልበት ለሚጨምር ሰው ቅርቡ መንገድ ያው የኬ ቤተሰብ ነው። ባለ1,486 ሲሲው 5ኬ እና ባለ1,781 ሲሲው 7ኬ የ4ኬ ታናናሾች ስለሆኑ ብዙ መቁረጥና መበየድ ሳይጠይቁ በቦታው ይገባሉ፤ ለውጡ ግን በሊብሬው ላይ መመዝገብ አለበት። ወጣቱ ከሁሉ ቀድሞ የሚያደርገው፣ ማለትም ሞላ ቆርጦ መኪናዋን ዝቅ ማድረግ፣ በተቃራኒው የተሠራችበትን ጥቅም ይገድላል። ያጠረ ሞላ መወዛወዣ ቦታ ስለሌለው አሞርዛተሩ ቶሎ ይሞታል። የከተማው ኮብልስቶንና የመንገድ ጉብታ ደግሞ ጭስ ማውጫውን ከሥር ይመታዋል።

ደኅንነቱም ይታሰብ። ኤርባግ የለም፤ ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከል ዘዴም የለም። ሐምሌ ላይ በእርጥብ አስፋልት ጠመዝማዛ መሀል ነዳጅ በድንገት የሰጠ ሰው የመኪናዋ ጅራት ያመልጠዋል፤ በዚያው መንገድ ከብት የሚነዳ ሕፃን፣ ጋሪና ባጃጅ አሉ። ድሪፍት የሚያምረው ሰው የተዘጋ ሜዳ ይፈልግ።

እንግዲህ በጀቱ ሲከፈል ትልቁ ድርሻ ዝገት ላልበላት መኪና ይሂድ፤ ሞተሯ ደካማ ቢሆንም ግድ የለም። ከዚያ የአራቱም ጎማ ፍሬን፣ አንድ ዓይነት አራት ጎማ፣ ደህና አሞርዛተርና የሚሠራ ቀበቶ። ከዚህ የተረፈው ለሞተሩ ይውላል። ቸርኬና ቀለም ከሁሉም በኋላ ናቸው፤ ብሩ እዚያ ሳይደርስ ቢያልቅም መኪናዋ አንዳች አይጎድልባትም።