ዋስ ከመሆናችን በፊት

ባለፈው ጥቅምት፣ የንፋስ መውጫ ብርድ አጥንት ሰርስሮ በሚገባበት ወቅት፣ ትንሹ ልጄ አንድ ወረቀት ይዞ ከምድጃው ዳር አጠገቤ ተቀመጠ። ሥራው የኮምፒውተር ፕሮግራም መሥራት ነው፤ ቀጣሪም አለቃም የለውም፤ ለተለያዩ ነጋዴዎች በውል እየሠራ ይከፈለዋል።

"እማዬ፣ ደህና ሥራ አገኘሁ። ዋስ አምጣ ስላሉኝ አንቺ ፈርሚልኝ" አለኝ።

መነጽሬን አድርጌ አነበብኩት። በሥራው ምክንያት ለሚደርስ ማንኛውም ጉዳት ሠራተኛው ሙሉ በሙሉ ይጠየቃል ይላል። የብር ልክ የለውም። እስክሪብቶውን መለስኩለት።

ምክንያት አለኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ለአንድ አከፋፋይ መደብር የሽያጭ ፕሮግራም ሠርቶ ነበር። ማሻሻያ ሲጭን የዋጋ ዝርዝሩ ተዛባና ዕቃው ሦስት ቀን ሙሉ ከዋጋ በታች ተሸጠ። ባለቤቱ 180 ሺህ ብር ጠየቀ። በሽማግሌ ወደ 90 ሺህ ወርዶ በየወሩ ከፈልን። "ከፈልን" ያልኩት የእኔም ጡረታ ስላለበት ነው።

ልጄ ሰነፍ አይደለም፤ እጁ አንድ ቀን ሳተ። እጅ እንደሚስት ደግሞ እኔ አሳምሬ አውቃለሁ። በነርስነት ዘመኔ አንድ ሌሊት የሕፃን መርፌ በአሥር እጥፍ ቀድቼ፣ የሥራ ባልደረባዬ ሳልወጋ ደረሰችብኝ። እስከ ዛሬ ሳስበው ያንቀጠቅጠኛል። ግን ከጎኔ ሌላ ዓይን፣ ከኋላዬም የቀጠረኝ መንግሥት ነበረ። ልጄ ብቻውን ነው።

ሕጉ ግን ለሁለታችንም አንድ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በቁጥር 2031፣ ማንኛውም ባለሙያ የሙያውን ደንብ እንዲጠብቅ ያዛል፤ በግድየለሽነት ደንቡን ከጣሰ ኃላፊ ይሆናል። መርፌም ይያዝ ኮምፒውተር ያው ነው። የሰው ስምና ስልክ የሚያጠራቅም ፕሮግራም የሚሠራ ልጅ ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጁንም፣ ቁጥር 1321/2016ን፣ ማወቅ አለበት።

ለእንዲህ ያለው ስህተት የሙያ ኃላፊነት መድን የሚባል አለ። ሐኪሞች፣ መሐንዲሶችና የሒሳብ ባለሙያዎች የሚገቡት ዓይነት ነው። ባለሙያው በስህተቱ ለደንበኛው የሚከፍለውን ካሳ፣ በፖሊሲው ልክ፣ ኩባንያው ይከፍልለታል። እድራችን ለለቅሶ ይደርሳል፤ ለዚህ ግን አይደርስም።

ለልጄ ስነግረው "ሳላጠፋ ለምን እከፍላለሁ?" አለኝ። ሳቄ መጣ። በ2003 ዓ.ም. የማኅበረሰብ ጤና መድን በዞናችን በፎገራ ሲሞከር፣ "ሳልታመም ለምን እከፍላለሁ?" የሚሉ ሰዎች አጋጥመውኝ ነበር። በኋላ ደብተሩን ይዞ ጤና ጣቢያ የሚመጣውን ግን አይተናል።

ልጃችሁ ወደ መድን ድርጅት ሲሄድ እነዚህን ይጠይቅ። የኮምፒውተር ሥራን በስም ይሸፍናል? ደንበኛው ውጭ አገር ቢሆንስ? ከጉዳቱ ላይ ከራሱ ኪስ የሚከፍለው ድርሻ ስንት ነው? አብዛኛውን ጊዜ የዚህ መድን ጠባይ፣ ስህተቱ የተሠራበትን ቀን ብቻ ሳይሆን ካሳው የተጠየቀበትን ቀን ማየቱ ነው። ስለዚህ አረቦኑን ያቋረጠ ሰው፣ ድሮ ለሠራው ሥራ ዛሬ ቢጠየቅ ባዶ እጁን ሊቀር ይችላል። አውቆ ላጠፋው ጥፋት ደግሞ መድን የለም።

መድን የማይደርስለት ነገርም አለ። በ2015 ዓ.ም. በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ ልጄ ኮምፒውተሩን አንግቦ አዲስ አበባ ሄዷል። ሕጉ ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያትን ይቀበላል፤ ሆኖም ቀድሞ ሊታሰብ የማይችል መሆን አለበት ይላል። እኛ አካባቢ የኔትወርክ መጥፋት እንዴት "ያልታሰበ" ይባላል? ስለዚህ ኔትወርክ ከጠፋ ቀኑ እንደሚራዘም በውሉ ውስጥ በግልጽ ይጻፍ።

ለእኛ ለወላጆች ደግሞ ዋናው ይኸው ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 1922፣ ዋሱ የሚገባበት ከፍተኛ የገንዘብ ልክ ካልተጻፈ የዋስትናው ውል አይጸናም ይላል። ይሁንና "አይጸናም" ብላችሁ ተማምናችሁ አትፈርሙ፤ ፍርድ ቤት መመላለስም ዕዳ ነው። ልኩ ይጻፍ፤ ከዚያ ያን ያህል መክፈል እንደምትችሉ ራሳችሁን ጠይቁ።

ልጄ አኩርፎ ሁለት ቀን አላናገረኝም። በሦስተኛው ቀን ለአሠሪዎቹ ደወለላቸው። ተከራክረው፣ ኃላፊነቱ ከሥራው ዋጋ እንዳይበልጥ ተስማሙ። ቁጥሩ በፊደልም በአኃዝም ተጽፎ ሲመጣ ፈረምኩለት።

መድኑን ገና አልገባም። አረቦኑን ከገቢው ጋር አስተያይቶ፣ "ሁለተኛ ሥራ ሳገኝ" ብሎኛል። እኔም እንዳይረሳው በየሳምንቱ እጠይቀዋለሁ። ጡረታዬ ለሁለተኛ ስህተት አይበቃም።