ከመዝገብ ውጪ የሚቀረው ወንጀል

የወንጀል ስታቲስቲክስ ራሱን የቻለ የጥናት ዘርፍ ሆኖ የተወለደው፣ የፈረንሳይ የፍትሕ ሚኒስቴር በየፍርድ ቤቱ የቀረቡትን ተከሳሾች ብዛት፣ ዕድሜ፣ ጾታና የተሰጣቸውን ውሳኔ የሚዘረዝር ዓመታዊ ጥራዝ እ.ኤ.አ. በ1827 ማሳተም በጀመረ ጊዜ ነው። ጥራዙን በጥልቀት ከመረመሩት ሊቃውንት አንዱ ቤልጅየማዊው የሥነ ፈለክና የሒሳብ ምሁር አዶልፍ ኬትሌ ነበር፤ እርሱም ከ1826 እስከ 1829 ባሉት ዓመታት በከባድ ወንጀል የሚከሰሱት ሰዎች ቁጥር ከዓመት ዓመት በ7 ሺህ ዙሪያ እንደሚመላለስ፣ ከእነርሱም የሚፈረድባቸው ድርሻ እምብዛም እንደማይለዋወጥ አይቶ፣ ወንጀል የግለሰቦች ክፋት ውጤት ብቻ ሳይሆን ማኅበረሰቡ ራሱ የሚያፈራው፣ በቁጥርም ሊጠና የሚችል ነገር ነው ወደሚል ድምዳሜ ደረሰ። ይሁን እንጂ ፍርድ ቤት የሚደርሰው ከተፈጸመው ሁሉ ጥቂቱ እንደሆነ ስለሚያውቅ፣ በታወቀውና ባልታወቀው ወንጀል መካከል ያለው ምጥጥን ሳይለወጥ ይኖራል የሚል ግምት ለመያዝ ተገደደ፤ ይህ ግምት ካልጸና የተከማቸው አኃዝ ሁሉ ፋይዳ እንደማይኖረውም ራሱ ጽፏል። ከዚያ ወዲህ የተገኘው ማስረጃ የሚያሳየው ግምቱ በብዙ ቦታና ጊዜ እንደማይጸና ነው።

አንድ ድርጊት የወንጀል አኃዝ ሆኖ ከመታተሙ በፊት ብዙ ሰዎች ይወስኑበታል። ተጎጂው የደረሰበትን ነገር ወንጀል ነው ብሎ መቁጠርና ለፖሊስ ለማመልከት መቁረጥ አለበት፤ አቤቱታውን የተቀበለው ፖሊስም አምኖበት መዝገብ መክፈትና ጉዳዩን በየትኛው የወንጀል ዓይነት ሥር እንደሚያስገባው መወሰን ይጠበቅበታል። ከእነዚህ ደረጃዎች በአንዱ ተሰናክሎ የቀረው ሁሉ ተመራማሪዎች ጨለማው ቁጥር ብለው ከሚጠሩት፣ ማለትም ተፈጽሞ ሳይመዘገብ ከሚቀረው ወንጀል ጋር ይደመራል። የዚህ ቁጥር መጠን ለሁሉም ወንጀል እኩል አይደለም። መኪናው የተሰረቀበት ሰው የመድን ካሳ ለማግኘት የፖሊስ ማስረጃ ስለሚያስፈልገው ጉዳዩን በአብዛኛው ያመለክታል፤ በትዳር ውስጥ የሚደርስ ድብደባና ወሲባዊ ጥቃት ግን፣ ተጎጂዋ አጥቂውን ስለምትፈራ፣ ኑሮዋ በእርሱ ገቢ ላይ ስለተመሠረተ ወይም የሚያምናት ሰው እንደማታገኝ ስለምታስብ፣ ብዙውን ጊዜ ሳይነገር ይቀራል። የአሜሪካ ብሔራዊ የወንጀል ተጎጂዎች ጥናት እንዳመለከተው በ2022 ከተፈጸሙት የኃይል ጥቃቶች ለፖሊስ የተነገሩት 42 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። በፖሊስ መዝገብ ብቻ የሚተማመን አገር እንግዲህ ከሁሉ አስቀድሞ ከዓይኑ የሚሰወርበት፣ ጥበቃ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች ጉዳት ነው።

ይህን ክፍተት ለመሙላት የተዘጋጀው ዋነኛ መሣሪያ የተጎጂዎች ጥናት ነው፤ ጥናቱ ፖሊስን ሳይሆን በዕጣ የተመረጡ ሰዎችን፣ ብዙውን ጊዜ ባለፉት 12 ወራት፣ ምን እንደደረሰባቸው በቀጥታ ይጠይቃል፣ ከናሙናው የተገኘውንም መልስ ለጠቅላላው ሕዝብ ያሰላል። በእንግሊዝና በዌልስ ይህ ጥናት ከ1982 ጀምሮ ሲካሄድ የቆየ በመሆኑ፣ የሁለቱን ምንጮች ጠባይ ጎን ለጎን ለመመርመር ከዚያ የተሻለ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል። ጥናቱም የራሱ ዕውር ቦታ አለው። የተገደለ ሰው ሊጠየቅ አይችልም፤ ቤት አልባዎች፣ እስረኞችና በመጦሪያ ተቋማት የሚኖሩ አረጋውያን በናሙናው ውስጥ አይገቡም፤ ያልተጠየቀም ነገር አይመለስም። የመጨረሻው ነጥብ ክብደቱ የታየው ስለ ማጭበርበርና ስለ ኮምፒውተር ወንጀል የሚጠይቁ ጥያቄዎች በጥናቱ ላይ በተጨመሩ ጊዜ ነው፤ ቀድሞ በዓመት 6 ሚሊዮን ያህል የነበረው ግምት በ2016 ወደ 12 ሚሊዮን ተጠጋ። ሕዝቡ በአንድ ዓመት ውስጥ እጥፍ ወንጀለኛ አልሆነም፤ ሰዎች በስልክና በኢንተርኔት ገንዘባቸውን ሲቀሙ ዓመታት አልፈው ነበር፣ የጠየቃቸው ግን አልነበረም።

የፖሊስ መዝገብ ፈተና የደረሰው በ2014 ነው። በዚያ ዓመት መጀመሪያ ላይ የብሪታኒያ የስታቲስቲክስ ባለሥልጣን ለፖሊስ የወንጀል አኃዝ ሰጥቶት የነበረውን የጥራት ማረጋገጫ አነሣ፤ በዓመቱ መጨረሻ ደግሞ የፖሊስ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ባወጣው ዘገባ፣ ለፖሊስ ከተነገሩት ወንጀሎች 19 በመቶው፣ ማለትም በዓመት ከ800 ሺህ በላይ የሚሆኑት፣ ሳይመዘገቡ እንደቀሩ፣ ድርሻው ለኃይል ጥቃት 33 በመቶ፣ ለወሲባዊ ጥቃት 26 በመቶ እንደሚደርስ ገለጸ። እነዚህ ሰዎች ዝምታቸውን ሰብረው ፖሊስ ዘንድ የደረሱ ነበሩ፤ አቤቱታቸው የቀረው ከበሩ ውስጥ ነው። ከዘገባው በኋላ የምዝገባው ሥርዓት ሲጠብቅ በመዝገብ የሰፈረው የኃይል ወንጀል ቁጥር በፍጥነት አሻቀበ፣ በተጎጂዎች ጥናት ላይ ግን ተመሳሳይ ጭማሪ አልታየም። የቁጥሩን ማሻቀብ አይቶ አገሪቱ ወደ ሥርዓት አልበኝነት እያመራች ነው ያለ ሰው፣ ብዙ ተጎጂዎች በመጨረሻ የተደመጡበትን ዓመት የከፋ ዓመት አድርጎ ቆጥሮታል።

አገሮችን ማወዳደር ደግሞ ከዚህም የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ስዊድን በአስገድዶ መድፈር ብዛት በአውሮፓ ግንባር ቀደም እየተባለች በተደጋጋሚ ብትጠቀስም፣ አኃዙ የአገሪቱን የቆጠራ ደንብ አብሮ ተሸክሞ የሚጓዝ ነው። በዚያ አንዲት ሴት ባለቤቷ በተደጋጋሚ እንደደፈራት ብታመለክት እያንዳንዱ ድርጊት ለብቻው ይመዘገባል፤ ምዝገባው የሚካሄደው ምርመራው ሲያበቃ ሳይሆን አቤቱታው ሲቀርብ ነው፤ የወንጀሉ ሕጋዊ ትርጉምም በ2005 ሰፍቶ፣ ከ2018 ጀምሮ ደግሞ ፈቃድ አለመኖሩ ብቻውን በቂ ሆኗል። ጀርመን በበኩሏ የምትመዘግበው የፖሊስ ምርመራ ከተጠናቀቀ በኋላ ነው። የሁለቱን አገሮች ቁጥር በአንድ ሰንጠረዥ ላይ ማስፈር ቀላል ቢሆንም፣ ሰንጠረዡ የሚያወዳድረው በከፊል ሕግን ከሕግ፣ መዝገብን ከመዝገብ ነው።

በዚህ ምክንያት ተመራማሪዎች ለንጽጽር የሚመርጡት ሆን ተብሎ የሚፈጸምን ግድያ ነው፤ አስከሬን በቀላሉ አይሸሸግም፣ ትርጉሙም ከአገር አገር ብዙ አይራራቅም። የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅና የወንጀል ጽሕፈት ቤት በ2021 በዓለም ዙሪያ 458 ሺህ ያህል ሰዎች እንደተገደሉ ገምቷል፤ ይህም ከ100 ሺህ ሰው 5.8 ማለት ነው። እንዲህ ያለው ምጣኔ፣ ማለትም የወንጀሉ ብዛት ለሕዝቡ ብዛት ተካፍሎ የሚገኘው ቁጥር፣ ትንሹን አገር ከትልቁ ለማስተያየት ያስችላል፤ ነገር ግን አካፋዩ ከተዛባ ውጤቱም ይዛባል። የነዋሪዎቿ ቁጥር ከአንድ ሺህ የማይበልጠው ቫቲካን በየዓመቱ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ጎብኚዎችን ስለምታስተናግድ፣ በጎብኚዎች ላይ የሚፈጸመው የኪስ ስርቆት ለነዋሪው ሲካፈል በዓለም የላቀ የወንጀል ምጣኔ ያላት ታስመስላታለች። ለኢትዮጵያም ጥያቄው ቅርብ ነው፤ የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1999 ዓ.ም. በመሆኑ የየከተማው ምጣኔ የሚሰላው በትንበያ ላይ ተመሥርቶ ነው፣ በሽምግልና የሚፈታው ድብደባና ስርቆትም ብዙ ጊዜ ወደ ፖሊስ መዝገብ አይደርስም።

ወንጀል የሚጨምርበትንና የሚቀንስበትን ምክንያት ማግኘት ወንጀሉን ከመቁጠር የሚከብድ ሥራ ሲሆን፣ የሚሳካውም በአብዛኛው ጥያቄው ጠበብ ሲል ነው። ምዕራብ ጀርመን ከ1980 ጀምሮ የራስ ቁር ሳያደርጉ ሞተር ብስክሌት የሚነዱትን በቦታው መቅጣት ስትጀምር ዓላማዋ የነጂዎችን ሕይወት ማትረፍ ነበር፤ በዚያው ዓመት ከ150 ሺህ በላይ የነበረው የሞተር ብስክሌት ስርቆት ግን በ1986 ወደ 54 ሺህ ወረደ። ተመራማሪዎች የደረሱበት ማብራሪያ፣ አብዛኛው ሌባ አስቀድሞ ያላቀደና አጋጣሚ ሲያገኝ የሚነሣ በመሆኑ የራስ ቁር ይዞ አይገኝም፣ ያለ ራስ ቁር ሲነዳ ደግሞ ወዲያው ፖሊስ ያስቆመዋል የሚል ነው። ሌቦቹ ወደ ሌላ ስርቆት ዞረው እንደሆነ ሲመረመርም፣ የመኪና ስርቆት የጨመረው በጥቂት ሺህ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ይህ ሁሉ የታወቀው የጀርመን ፖሊስ የሞተር ብስክሌት፣ የመኪናና የብስክሌት ስርቆትን ለየብቻ ይቆጥር ስለነበር ነው፤ ስርቆት ተብሎ በአንድ ድምር ተጠቅልሎ ቢሆን ኖሮ ለውጡ በሚሊዮን ከሚቆጠረው የሌላ ስርቆት ብዛት ጋር ተቀላቅሎ ሳይታይ ይቀር ነበር።