በነሐሴ የሚጠረግ የበረዶ ጎዳና

ከኖርዌይ ዋና ከተማ ከኦስሎ በስተ ሰሜን የሚገኘው ኖርድማርካ የተባለው ሰፊ ደን፣ ክረምት ሲገባ በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር የሚቈጠር የበረዶ ሸርተቴ ጎዳና የሚዘረጋበት፣ ሹም ከተራ፣ ሕፃን ከሽማግሌ ሳይለይ የከተማው ሕዝብ በየሰንበቱ የሚጎርፍበት ስፍራ ነው። ይህን ጎዳና በጥር ወር የተመለከተ እንግዳ ምስጋናውን ሁሉ ለበረዶውና ሌሊቱን በረዶውን ሲደለድል ለሚያድረው ማሽን ቢሰጥ አይፈረድበትም፤ እኔ ግን በሙያዬ የደን ሰው በመሆኔ፣ በአገራችን ዶፍ በሚወርድበት በነሐሴ ወር መጥረቢያና መጋዝ ተሸክመው ከሚወጡት በጎ ፈቃደኞች ጋር መዋል ከጀመርሁ ወዲህ፣ የጎዳናው መልካምነት ወይም ክፋት የሚወሰነው በረዶው ከመውረዱ ከወራት በፊት፣ ማንም የበረዶን ነገር በማያስብበት ጊዜ መሆኑን ተረድቻለሁ።

የዚህ ሥራ ዐቢይ ጥበብ ገና ያልመጣውን ወለል በዐይነ ሕሊና አቁሞ ከዚያ ላይ መለካት ነው። በነሐሴ ከራሳችን በላይ የሚታየን ቅርንጫፍ፣ በየካቲት አንድ ሜትር በረዶ ከእግራችን ሥር ሲነጠፍ ከፊታችን ጋር ይተካከላል፤ በዚያ ላይ ራሱ ቅርንጫፉ በረዶ ተሸክሞ ስለሚወርድ፣ ቀጭን የበርች ዛፍማ እንደ ቀስት ጎብጦ ጫፉን በጎዳናው ላይ ስለሚተክል፣ በበጋ ሲታይ ያለ ምክንያት ከፍ ብሎ የተቈረጠ የሚመስለው ነገር ሁሉ በክረምት ልክ ሆኖ ይገኛል። ወደ ታች ደግሞ ነገሩ ተቃራኒ ነው። እስከ ጉልበት የሚደርስ ጉቶ «በረዶው ይሸፍነዋል» ተብሎ ሲተው አይቻለሁ፤ ይሸፍነዋል እርግጥ፣ ነገር ግን በረዶው ገና ስስ በሆነበት በታኅሣሥ መጀመሪያ ግማሽ ተሸፍኖ የተቀመጠ ጉቶ፣ ተገልጦ ከሚታየው ይልቅ ለሸርተቴውም ለሰውየው ጕልበትም የከፋ ነው። ስለዚህ ቅርንጫፉ በወፍራሙ በረዶ፣ ጉቶው ደግሞ በስሱ በረዶ ተለክተው ይቈረጣሉ፤ አንዱ ሠራተኛ በአንዲት ሰዓት ውስጥ ሁለት ክረምት በልቡ ይዞ ይሠራል ማለት ነው።

ዕፀዋትም ሁሉ በመጥረቢያ ፊት አንድ ዐይነት ጠባይ የላቸውም። በርችና አኻያ፣ እንደ አገራችን ባሕር ዛፍ፣ ከጉቶአቸው እንደ ገና የሚያቈጠቍጡ ስለ ሆኑ፣ አንድ ግንድ ቈርጦ የሄደ ሰው ሲመለስ ብዙ ቀንበጥ ቆሞ ይጠብቀዋል። ስፕሩስ የተባለው፣ ከጥድ ወገን የሆነው የዚህ አገር ዋና ዛፍ፣ ከጉቶው አያቈጠቍጥም፤ ነገር ግን ቈራጩ ጎንበስ ማለት ሰንፎ ከበታች አንዲት አረንጓዴ ቅርንጫፍ ያስቀረለት እንደ ሆነ፣ ያች ቅርንጫፍ ቀስ በቀስ ወደ ሰማይ ተቃንታ የሟቹን ማዕርግ ትወርሳለች፣ ከጥቂት ዓመታትም በኋላ እግሩ የተጣመመ ሌላ ዛፍ በዚያው ቦታ ይገኛል። ይህን ለአዲስ ገቢዎች ደጋግሜ የምነግረው፣ ከወገብ በላይ መቍረጥ ለጀርባ ስለሚመች ብቻ ሁላችንም ወደዚያ ስለምናዘነብል ነው። የወሩም ምርጫ እንዲሁ በዘፈቀደ የተደረገ አይደለም፤ ቅጠሉን አውጥቶ የጨረሰ ዛፍ በሥሩ ካከማቸው ስንቅ ብዙውን ስላወጣ፣ ያን ጊዜ የተቈረጠ እንደ ሆነ በክረምት ከተቈረጠው ይልቅ ቡቃያው ይደክማል፤ ወፎችም አብዛኛውን ጊዜ ጫጩቶቻቸውን አብርረው ጎጆአቸውን የሚለቁት ሐምሌ ሳያልቅ ነው።

ነፋስ የጣለውን ዛፍ ነገር በአጭሩ ላንሣ። የስፕሩስ ሥር ወደ ጎን እንጂ ወደ ጥልቅ ስለማይሄድ፣ ዛፉ ሲወድቅ አፈሩንና ድንጋዩን እንደ ግድግዳ አንሥቶ ይወድቃል፤ ግንዱ በመጋዝ በተቈረጠ ጊዜም ያ ግድግዳ ክብደቱ ተቃልሎለት በድንገት ወደ ስፍራው ሊመለስ ይችላልና፣ ከበስተ ኋላው ሰው፣ ይልቁንም ሕፃን፣ ከቶ መቆም የለበትም። የሞተር መጋዝ ትምህርቱን ላልተማረ ሰው አይሰጥም፤ ይህ ደንብ መልካም ደንብ ነው።

በጥንት ልማድ የኖረው፣ በ1957 ዓመተ ምሕረት በአውሮፓ አቈጣጠር በሕግ የጸናው መብት፣ ማንም ሰው ባልታረሰ ምድር፣ ባለቤቱ ሌላ ቢሆንም፣ በእግሩም በሸርተቴውም እንዲያልፍ ይፈቅድለታል። ማለፍ ግን መቍረጥ አይደለም፤ ከኖርድማርካ ብዙው ክፍል የአንድ ቤተ ሰብ ርስት ስለ ሆነ፣ ያለ ባለ ርስቱ ፈቃድ አንዲት ቀንበጥ አትነካም። በ1883 የተቋቋመው የኦስሎ የሸርተቴ ማኅበርም፣ ትንንሾቹ የየሰፈሩ ማኅበራትም የሚሠሩት በስምምነት ነው። በአገራችን ደቦ የተጠራ ሰው የማንን እርሻ እንደሚያርም ያውቃል፣ ጠላውንም ከባለ እርሻው ይጠጣል፤ እዚህ ግን ሠራተኛው የሚጠርገው ርስቱ ያልሆነውን መሬት፣ የሚጠርገውም ስሙን ለማያውቀው መንገደኛ ስለ ሆነ፣ አባቶቻችን ሕግ ሳያስገድድ ስለሚፈጸም ትሩፋት የተናገሩትን ያስታውሰኛል፤ ቡናውን እንኳ እያንዳንዱ ከቤቱ በፔርሙዝ ይዞ ይመጣል። «ኢትዮጵያዊን ከሸርተቴ ጋር ምን አገናኘው?» ለሚሉኝ ወገኖቼ፣ ሮቤል ተክለ ማርያም በ2006 በቶሪኖ፣ በ2010 በቫንኩቨር የክረምት ኦሊምፒክ ላይ በዚሁ በሸርተቴ ሩጫ አገራችንን ወክሎ መቅረቡን እነግራቸውና ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ።

ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚያሻው ግን ውሃ ነው። በኦስሎ ዙሪያ የበጋው መንገድ በሰማያዊ፣ የክረምቱ በቀይ ቀለም ምልክት ይደረግበታል፤ በሐምሌ ቀዩን ተከትሎ የሄደ መንገደኛ ረግረግ ውስጥ መግባቱ ወይም ከሐይቅ ዳር መቆሙ አይቀርም፣ የክረምቱ ጎዳና ብርድ ባጸናው ውሃ ላይ እንዲያልፍ ታስቦ የተተለመ ነውና። ረግረጉ ሳይረጋ በረዶ የወረደበት ዓመት እጅግ አስቸጋሪ ነው፤ በረዶው እንደ ጋቢ ሙቀቱን ይዞ ስለሚያቈይ ከሥሩ ያለው ውሃ አይጸናም፣ ማሽኑም ይሰምጣል። በቍልቍለቱም ላይ ቦዩ በቅጠልና በጭራሮ የተደፈነ እንደ ሆነ፣ ውሃው መንገዱን ራሱን ቦይ አድርጎ ይወርዳል፣ የጣለውንም በረዶ ከታች ይበላዋል። በአንጻሩ ድንጋዩ ተነሥቶ፣ ሣሩ ታጭዶ፣ ውሃው ወደ ጎን በተመለሰበት ሜዳ ጥቂት በረዶ ብዙ ያስኬዳል፤ ክረምቱ እያጠረ በመጣበት በዚህ ዘመን ይህ ልዩነት የሳምንታት ልዩነት ነው።

ጎዳናውን አለቅጥ እናስፋ ከሚሉት ጋር የማልስማማውም ስለዚሁ ነው። የስፕሩስ ጥላ ብዙ በረዶ በቅርንጫፉ ያስቀራል፣ እውነት ነው፤ ነገር ግን በደቡብ ወገን ያሉትን ዛፎች ሁሉ ያነሣ ሰው የመጋቢትን ፀሓይ በገዛ እጁ ይጋብዛል።

ሆኖም መጋዝ የሚያጓጓውን ያህል ቦይ የሚጠረግበት አካፋ ማንንም አያጓጓም፤ ጧት መሣሪያ ሲታደል መጋዙ ወዲያው ባለቤት ያገኛል፣ አካፋው ግን ከመኪናው ጋር ተደግፎ ይቀራል። ባለፈው ስብሰባ ላይ አካፋ ብቻ እንዲታደል ሐሳብ ባቀርብ፣ ሰብሳቢያችን፣ ጡረታ የወጡ መምህርት፣ ሣቅ ብለው «እንዲህ ካደረግን ማን ይመጣል?» አሉኝ። ተከራክረን ተከራክረን፣ ቦዩ እስከ ምሳ ሰዓት እንዲጠረግ፣ መጋዙም ከምሳ በኋላ ብቻ እንዲወጣ ተስማማን።